ነጩ ሸሚዝ ለምን ቀላ? ከእርድ እስከ ፋሲል መዋኛ፣ ከጨጓራ እስከ በረኪና

ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁ አልጫ ፈሶባችሁ ያውቃል? ቢጫ ጠብታ ናት፤ "ምን አላት፣ በሳሙና ትለቃለች" ትላላችሁ። ሳሙና ስታስነኳት ግን ደም የነካት ይመስል ቀልታ ቁጭ!

ባለፈው እሑድ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለ የጓደኛችን ቤት ተጋብዘን ከመካከላችን አንዱ ላይ የደረሰው ይሄው ነው። እናቱ ልጁ ሲደነግጥ አይተው ሳቁና "ሎሚ አምጡለት" አሉ። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቀዩ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። አላመንንም፤ እንደገና ሳሙና ነካነው፣ ቀላ። እንደገና ሎሚ፣ ቢጫ። ምሳው ተረሳና ሸሚዙ ዙሪያ ተሰበሰብን።

እማማን "ለምን እንዲህ ይሆናል?" ብለን ብንጠይቃቸው "እኔ ምን አውቄ፣ የተማራችሁት እናንተ" አሉን። እውነት አላቸው። አሲድና ቤዝ ሁላችንም ትምህርት ቤት ወስደነዋል። "የሚኮመጥጠው አሲድ፣ የሚመረውና የሚያሟልጨው ቤዝ" ብለን ሸመደድን፣ ተፈተንን፣ ረሳነው። ዛሬ ያንን ደብተር በወጥ ቤት ዕቃ እንደገና እንክፈተው። ለጨዋታ ብቻም አይደለም። ይሄን አለማወቅ ሽንት ቤት ስታጸዱ ሆስፒታል ሊያስገባችሁ ይችላል። እሱ ጋ እንደርሳለን።

መጀመሪያ እርዱ።

እርድ ቢጫ የሚሆነው ውስጡ ባለ ኩርኩሚን በሚባል ቀለም ነው። ይሄ ቀለም ቤዝ ሲነካው ወደ ቀይ ቡኒ ይቀየራል፤ አሲድ ሲጨመርበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ሳሙና ቤዝ ነው፣ ሎሚ አሲድ ነው። በቃ፣ የሸሚዙ ምስጢር ይሄ ነው። ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ውስጥ (ላብራቶሪ ለነበራችሁ ማለታችን ነው) ያያችሁት ሊትመስ ወረቀት የሚሠራው ሥራ ነው፣ በአልጫ።

እኛም እቤት ሞከርነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ግማሽ ስኒ አረቄ ውስጥ በጠበጥን። ለምን አረቄ? የእርድ ቀለም በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአልኮል ግን ጥሩ አድርጎ ይወጣል። አረቄ ከሌላችሁ የእጅ ማጽጃ አልኮልም ይሆናል፤ ከእሳት ራቅ አድርጉት ብቻ። ነጭ ወረቀት ነክረን ጥላ ላይ አደረቅንና በቁራጭ በቁራጩ ቆረጥነው። ከዚያ ያገኘነውን ሁሉ ጠብ ማድረግ ጀመርን።

ሎሚ፣ አቼቶ፣ የኮመጠጠ የጤፍ ሊጥ፣ አምቦ ውሃ፦ ምንም፣ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። የልብስ ሳሙና፦ ቀላ። ኦሞ፦ የባሰ ቀላ። የምድጃ አመድ ውሃ ውስጥ በጥብጠን ካጠለልነው በኋላ፦ ቀላ! (ይሄ ብዙዎቻችንን አስገርሞናል፤ አመድ ቤዝ መሆኑን ማን ጠረጠረ።) ከቀሐ የቀዳነው ውሃ፦ ምንም። በረኪና፦ መጀመሪያ ቀላ፣ ትንሽ ቆይቶ ግን ቀለሙን ጭራሽ በላውና ወረቀቱ ነጣ።

የእርዱ ድክመት እዚህ ላይ ይታያል። የሚናገረው ቤዝ ሲመጣ ብቻ ነው። ሎሚና የወንዝ ውሃ ለሱ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ቢጫ ነው። ስለዚህ "ቢጫ ሆነ፣ አሲድ ነው" ብላችሁ እንዳትደመድሙ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ፣ ብዙ አናስረዝመውም። አሲድ የምንለው ውሃ ውስጥ ሲገባ የሃይድሮጅን ቅንጣት፣ ማለትም ፕሮቶን፣ የሚለቅ ነገር ነው። ቤዝ ደግሞ ያንን ቅንጣት የሚቀበል። አንዱ እጁ ላይ ያለውን ለመስጠት ይቸኩላል፣ ሌላው ለመውሰድ። እርዱም ላይ የሆነው ይሄ ነው፤ ሳሙናው ከኩርኩሚኑ ላይ ፕሮቶን ወሰደበት፣ ቅርጹ ትንሽ ተለወጠና ብርሃንን ሌላ ዓይነት አድርጎ መለሰ፤ ቀይ ሆኖ ታየን። ሎሚው የተወሰደበትን ፕሮቶን መለሰለት። ቀለሙ ተመላለሰ ማለት ፕሮቶኑ ተመላለሰ ማለት ነው።

ሰጪና ተቀባይ ሲገናኙስ? ይጠፋፋሉ። የጨጓራችን አሲድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይባላል። ፈሳሽ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚገዙት ኮስቲክ ሶዳ ደግሞ ኃይለኛ ቤዝ ነው። ኃይለኛ ሲሆኑ ሁለቱም ለየብቻቸው ቆዳ ይልጣሉ። በልካቸው ሲደባለቁ ግን የሚወጣው ውሃና የገበታ ጨው ነው። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው እኮ! ነገር ግን ሲጠፋፉ ሙቀት ይለቃሉ፤ ጠንካሮች ከሆኑ ውሃውን እስከማፍላት ይደርሳሉ። ስለዚህ "ይጠፋፋሉ" የሚለውን ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም። ሁልጊዜ መጠየቅ ያለብን "ሲገናኙ ምን ይወጣል?" ብለን ነው። አንዳንዴ ውሃ ይወጣል፣ አንዳንዴ ሙቀት፣ አንዳንዴ ድንጋይ፣ አንዳንዴ ደግሞ መርዝ።

ከዚያ በፊት ስለ መለኪያው አንድ ነገር። ፒኤች የሚባለው ቁጥር በተለምዶ ከ0 እስከ 14 ይሄዳል። 7 መሃል ነው፣ ንጹሕ ውሃ። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ። ሎሚ 2 ገደማ ነው፣ በደንብ የኮመጠጠ ሊጥ 4 አካባቢ፣ ደማችን 7.4 ገደማ፣ ሳሙና 9 እና 10፣ በረኪና 11ን ያልፋል። ሰው የሚሳሳተው ቁጥሮቹን እንደ ብር ሲቆጥራቸው ነው። አንድ ቁጥር ዝቅ ማለት አሥር እጥፍ ነው። ሁለት ቁጥር መቶ እጥፍ። ሎሚ ከንጹሕ ውሃ በአምስት ቁጥር ይለያል፤ ያ ማለት መቶ ሺህ እጥፍ። መለኪያውን በ1909 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሶረንሰን የሚባል ዴንማርካዊ ኬሚስት ነው፤ ይሠራ የነበረው ደግሞ ኮፐንሃገን ውስጥ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ነው። የዳሸን ቢራ ከተማ ልጆች ይሄን ብናውቅ ደስ ይላል ብለን ነው።

አሁን ከጓደኛችን ቤት እንውጣና ወደ ፋሲል መዋኛ እንሂድ፣ በቀሐ ውሃ ወደሚሞላው። ጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ሲረጭ ዘለን የገባንበት፣ ዛፍ ሥሩን ግንቡ ላይ ጥፍር አድርጎ የያዘበት ቦታ። ድንጋዩን ከድንጋይ ምን አያያዘው? ስሚንቶ እንዳትሉ። ፋሲለደስ የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ የምናውቀው ፖርትላንድ ስሚንቶ እንግሊዝ አገር በሕግ የተመዘገበው በ1824 ነው፣ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ። የጎንደርን ግንቦች የያዛቸው ኖራ ነው። ኖራ ደግሞ ቤዝ ነው።

የኖራ ታሪክ እኛን በጣም ይገርመናል። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውስጡ ይወጣና ትኩስ ኖራ ይቀራል። እሱ ላይ ውሃ ሲጨመርበት ምድጃ ላይ የተጣደ ይመስል ይንተከተካል፣ ይፋጃል። ሲረጋጋ ነጭ ለጥፍ ይሆናል፤ ፒኤቹ ከ12 በላይ፣ ኃይለኛ ቤዝ። ግንበኛው ይሄን ከአሸዋ ጋር አቡክቶ በድንጋዮቹ መሃል ያስገባዋል። ከዚያስ? አየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እርጥበት ሲያገኝ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይሄ ደካማ አሲድ ቀስ እያለ ኖራው ውስጥ ይገባል፣ ከቤዙ ጋር ይገናኛል፣ የሚወጣው ደግሞ ድንጋይ ነው! መጀመሪያ የተቃጠለው ያው የኖራ ድንጋይ ተመልሶ ተሠራ ማለት ነው። ድንጋይ አቃጥለህ ለጥፍ አደረግኸው፣ እንደ ጭቃ ለሰንከው፣ አየሩ ደግሞ መልሶ ድንጋይ አደረገልህ። ጥቅጥቅ ያለ ግንብ ውስጥ ይሄ ሥራ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

ድክመቱም እዚያው ነው፤ አሲድ የሠራውን አሲድ ያፈርሰዋል። ቤት ውስጥ በእንቁላል ቅርፊት ሞክሩት፤ ቅርፊቱ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር ነው። አቼቶ ውስጥ ስትጨምሩት አረፋ እየደፈቀ ይሟሟል። ዝናብ ደግሞ፣ ምንም ፋብሪካ በሌለበት አገር ንጹሕ ዝናብ እንኳ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት ፒኤቹ 5.6 ገደማ ነው። ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ሽበትም የራሱን ደካማ አሲድ ይለቃል። አንድ ክረምት ምንም አያመጣም። አራት መቶ ክረምት ግን ሌላ ነገር ነው።

"ታዲያ በስሚንቶ አይጠገንም?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተሞክሯል። ጣሊያኖች ከተማዋን በያዙ ጊዜ ግንቦቹን በስሚንቶና በአርማታ ጠግነው ነበር። ስሚንቶ ጠጣር ነው፣ ውሃ አያስተነፍስም። ኖራ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያወጣል፤ ስሚንቶ ሲለጠፍበት ግን እርጥበቱ ግድግዳው ውስጥ ታፍኖ ድንጋዩን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥገናዎች ስሚንቶውን እያነሱ ወደ ኖራ መመለስ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ግንቡ ጋ ሠራተኞች ነጭ ለጥፍ ሲያቦኩ ብታዩ "ስሚንቶ መግዣ አጥተው ነው" እንዳትሉ።

ያው ኖራ፣ ሳይቃጠል ተፈጭቶ፣ እርሻ ላይ ሌላ ሥራ አለው። ዝናብ የሚበዛበት ደጋ መሬት በብዙ ዘመን እየታጠበ ካልሲየምና ማግኒዢየሙ ወደ ታች ይወርድና አፈሩ አሲድ ይሆናል። አዊ ላይ፣ ጎጃም ላይ፣ ፋርጣ ላይ ገበሬው የሚያማርረው ይሄንን ነው። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ እንደሆነ ይነገራል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አፈር ውስጥ ተቆልፎ የነበረው አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይመርዛል፣ ያሳጥረዋል። ፎስፈረሱ ደግሞ ይታሰራል፤ ገበሬው ማዳበሪያ ተበድሮ ቢጨምርም ስንዴውና ገብሱ አያገኘውም። ብሩ መሬት ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ላይ ብዙ ገበሬ ሰብሉን ትቶ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ ዛፍ ወደ መትከል የዞረው አንድም በዚህ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፣ ቤዝ ጨምርበት። ችግሩ ግን ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ኖራ በኪሎ የሚቆጠር አይደለም፣ በቶን ነው፤ ያንን ጭኖ ገደል ለገደል ማን ያደርሰዋል? ኬሚስትሪው ቀላል፣ መንገዱ ከባድ። በነገራችን ላይ ሴት አያቶቻችን አመዱን ጓሮ የሚደፉት ሜዳ ጠፍቶ አልነበረም። እርዱን ያቀላው አመድ ቤዝ ነው ብለናል አይደል? የጓሮ ጎመን ከእርሻው ሰብል የሚያምርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ፍጉም ይረዳል እርግጥ።

ጨጓራን በአጭሩ። ጨጓራችን ውስጥ ያለው አሲድ ፒኤቹ ከ1.5 እስከ 3.5 ገደማ ነው፣ አንዳንዴ ከሎሚ ይብሳል። ሲያቃጥለን የምንውጠው የጨጓራ ኪኒን ብዙ ጊዜ ቤዝ ነው። አምቦ ውሃ ስንጠጣ የሚቀለን ውስጡ ባይካርቦኔት ስላለ ነው፤ አሲዱን አግኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ እናገሳለን። ተልባ ግን ሌላ ነው፤ በልዝቡ ይሸፍናል እንጂ አሲዱን አያጠፋም። ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ ኤች ፓይሎሪ ነው፣ ግማሹ ጓደኛችን "ተገኘብኝ" የሚለው ባክቴሪያ። እዚያ እሳት ውስጥ እንዴት ይኖራል? በዙሪያው አሞኒያ ያመርታል። አሞኒያ ቤዝ ነው። ለራሱ አሲድ የማይደርስበት ትንሽ ጎጆ ሠርቶ ይቀመጣል፣ አሲድና ቤዝን ከኛ በተሻለ ያውቃል። ስለዚህ የማቃጠል ማስታገሻ ብቻ እየዋጡ ወራት መቆየት እሱን አያባርረውም፤ ተመርምሮ የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መጨረስ ነው።

አሁን ቃል የገባነው፣ ሽንት ቤቱ።

ብዙ ቤት የሚደረገው እንዲህ ነው። ሽንት ቤቱ ቢጫ ዝገት ይዞ አልለቅ ይላል። አንዷ በረኪና ትደፋበታለች። አልለቀቀም። "እስቲ ይሄኛው ይበረታል" ብላ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ትጨምርበታለች። ሁለት ጠንካራ ነገር ሲደመር የበለጠ ይጠነክራል ብለን እናስባለን። እስካሁን ያነበባችሁትን አስታውሱና ጠይቁ፦ ሲገናኙ ምን ይወጣል?

በረኪና ውስጥ ክሎሪን አለ፤ ፈሳሹ ቤዝ በመሆኑ ታስሮ ተቀምጧል። አሲድ ስትጨምሩበት ያሰረውን ቤዝ ታጠፉታላችሁ፣ ክሎሪኑም ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በ1915 (እ.ኤ.አ.) ጀርመኖች ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ በወታደሮች ላይ የለቀቁት ጋዝ ነው፣ ያው ራሱ። ከአየር ይከብዳል፤ መስኮት የሌላት ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ጎንበስ ብሎ የሚፈትግ ሰው ደግሞ አፍንጫው እዚያው ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ደረት ያፍናል። ከባድ ከሆነ ሳንባ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ ይሄ ሰዓታት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል "አሁን ተሻለኝ" ብሎ መተኛት አያስተማምንም። አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው፣ ከበረኪና ጋር አይደባለቁ። ሽንት በቆየበት ቦታ ደግሞ አሞኒያ አለ፤ በረኪና ሲያገኘው ሌላ የሚያፍን ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ በውሃ አጥቡ፣ ከዚያ በረኪናውን ብቻውን፣ በሩን ከፍታችሁ።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር አንድ ምክር አለን፦ ጀሪካናችሁን ሳትሞሉ በረኪናም አሲድም አትክፈቱ። አንዱን ሳያጥቡ ሌላውን የመድፋት ነገር የሚመጣው ውሃ ስናጣ ነው።

ጋዙ ከወጣስ? ውጡ። "ውሃ ላፍስበት" ብላችሁ አትመለሱ። አየር ላይ ተቀመጡ፤ ሳሉ ካልቆመ፣ ደረት ከጨመቀ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፣ ምንና ምን እንደተደባለቀም ተናገሩ።

አሲድ ወይም በረኪና ወይም ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ይሄን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አንድ ብልጥ የሚመስል ስህተት ሊሠራ ይችላል፤ "ቤዝ ነካኝ፣ ሎሚ ልቀባበት።" በፍጹም! ሲጠፋፉ ሙቀት ይወጣል ብለናል፤ በቃጠሎ ላይ ቃጠሎ ትጨምራላችሁ። የነካውን ልብስ አውልቁና በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አጥቡ፣ ሰዓት ይዛችሁ። ዓይን ከሆነ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም። ደረቅ ትኩስ ኖራ ከሆነ ግን ውሃ ሲነካው ስለሚፋጅ መጀመሪያ ዱቄቱን አራግፉት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ።

ሰው ከጠጣው እንዲያስመልስ አታድርጉ። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል። በግድ ወተት መጋትም አይሆንም፤ አፉን አስጉመጥምጣችሁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ፣ ቶሎ ሆስፒታል። ሕፃናት የሚጠጡት ደግሞ ለምን መሰላችሁ? በረኪናውን በሃይላንድ ስለምንቀዳው ነው። በሃይላንድ የመጣ ነገር ለልጅ ውሃ ነው። ባዘዛችሁት ጊዜ በራሱ ዕቃ ይሁን፣ ካልተቻለም ከፍ ያለ ቦታ ተቀምጦ ላዩ ላይ በትልቁ ይጻፍበት።

የባጃጅ ልጆች፣ እናንተን አልረሳንም። የባትሪ አሲድ ማቅጠን ካስፈለገ አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ ውሃውን ወደ አሲዱ ግን አይሆንም። ኃይለኛ አሲድ ላይ ጠብ ያለች ውሃ ወዲያው ፈልታ ፊት ላይ ትረጨዋለች።

ሸሚዙስ? ልጁ በረኪና ሊያስነካው ሲል እማማ ከለከሉት። አጠቡለትና ደጅ አሰጡት፤ የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም። ማታ ስንሄድ ደረቱ ላይ የቀረችው ፈዛዛ ነጥብ ካላሳዩዋችሁ አትታይም ነበር።